ለባለቤቱ ያልተነገረው በሽታ

ሐኪሙ ባሌን «እርስዎ ውጭ ትንሽ ይጠብቁን» ብሎ አስወጣውና እኛን አስቀረን። እኛ ማለት እኔ፣ የበኩር ልጄና የባሌ ታናሽ ወንድም ነን። ባሌ የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈ በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለና «እኔን አስወጥታችሁ ልታሙኝ ነው አይደል?» ብሎ ሳቀ። ሐኪሙም አብሮት ሳቀ። በሩ ሲዘጋ ሳቁ ከሐኪሙ ፊት ላይ ጠፋ።

ጊዜው ለባቡሩ ተብሎ የመርካቶ ዙሪያ የተቆፈረበት ነው። ባሌ ሆስፒታል የሄደው ለሽንቱ ነበር። በእሱ ዕድሜ ያለ ወንድ ብዙው የሚቸገርበት ነገር ነው። ሆዱን በአልትራሳውንድ ሲያዩት ግን ያልፈለጉትን አገኙ።

ሐኪሙ ወረቀት አወጣና ሳለልን። ከልብ ተነሥቶ በሆድ በኩል ቁልቁል የሚወርድ፣ እምብርት አካባቢ ለሁለት ተከፍሎ ወደ እግሮች የሚሄድ ትልቅ የደም ሥር አለ። የባሌ ደም ሥር ከኩላሊቶቹ በታች ግድግዳው ሳስቶ አብጧል። ሐኪሙ የሳለው መስመር እዚያ ቦታ ሲደርስ እንደ እንቁላል ሆነ።

«አያማቸውም» አለ። «እስኪፈነዳ ድረስ ምንም ላይሰማቸው ይችላል። ከፈነዳ ግን አብዛኛው ሰው ሆስፒታል አይደርስም።»

ሆድ ከፍቶ መጠገን ይቻላል፤ የባሌ ልብ ግን ያንን አይችልም አለን። ሌላ መንገድ አለ። በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ ያስገቡና በጨርቅ የተሸፈነ የሽቦ ቱቦ፣ ስቴንት የሚሉትን፣ ያበጠው ቦታ ውስጥ ይዘረጉታል። ደሙ ከዚያ ወዲያ በአዲሱ ቱቦ ውስጥ ያልፋል፤ የሳሳው ግድግዳ ከግፊት ያርፋል። ይህን የሚሠሩ ሐኪሞች ከውጭ አልፎ አልፎ ይመጣሉ፤ ይዘው የሚመጡት ስቴንትም ጥቂት ነው። «ስማቸውን ዝርዝሩ ውስጥ አስገባለሁ» አለ። «እስከዚያ ከባድ ነገር እንዳያነሡ። ደም ግፊታቸው ከፍ እንዳይል። እንዳይናደዱ፣ እንዳይደነግጡ።»

ልጄ ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ያዘ። «ዶክተር፣ እንዲያ ከሆነ ለእሱ ባይነገረው አይሻልም?»

ሐኪሙ ትከሻውን ሰበቀ። «የቤተሰብ ውሳኔ ነው።»

ስንወጣ ባሌ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ከዘበኛው ጋር ስለ መንገዱ ቁፋሮ ያወራ ነበር። «ምን አላችሁ?» አለን። የባሌ ወንድም ቀደመኝ። «ጨጓራ ነው» አለ። «ሚጥሚጣ ተው ብሏል።»

«ይኸው ነው? ለዚህ ነው በር የተዘጋው?» አለና ተነሣ። አዲስ አበባ ውስጥ ጨጓራ የሌለበት ማን አለ? አመነ።

ማታውን እሱ ለማኅበር ሲወጣ ሦስታችን ተጣላን። እኔ አራተኛ ክፍል ድረስ ነው የተማርኩት፤ እሱንም በማታ ትምህርት። ግን ምኑ የማን እንደሆነ አውቃለሁ። «ሆዱ የእሱ ነው» አልኳቸው። «የሰውን ዕቃ ሳያውቅ እንደ መውሰድ ነው።»

«እትዬ፣ ሐኪሙ ሲናገር አልሰሙም እንዴ?» አለ የባሌ ወንድም። «ሰው በድንጋጤ ይሞታል። ነግረን ብናስደነግጠውና ያ ነገር ቢፈነዳ፣ ገዳዮቹ እኛ አይደለንም?»

ልጄ እጄን ያዘ። «እማዬ፣ ስቴንቱ እስኪገባለት ብቻ። ከዚያ ራሴ እነግረዋለሁ። እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።»

በስኳር ሰልፍ፣ በዘይት ሰልፍ፣ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ከሊቀመንበር ጋር የተጣላሁ ሴት ነኝ። ተራ የሚዘል ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። ያን ቀን ግን «ገዳዮቹ እኛ አይደለንም?» የሚለውን ነገር የምመልስበት ቃል አጣሁ። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለባለቤቱ መጨረሻ ላይ ነው የሚደርሰው። ጎረቤት ያውቃል፣ ዕድርተኛ ያውቃል፣ እሱ አያውቅም። ይህንን ፍቅር እንለዋለን። እኔም ዝም አልኩ።

ባሌ ከራጉኤል ወረድ ብሎ ጎማ የሚሸጥበት አንድ በር ሱቅ ነበረው። የመኪና ጎማ አይደለም፤ የውሃ ጎማ፣ የናፍጣ ጎማ፣ የወፍጮና የሞተር ቱቦ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ጎማ ቆርጦ ሸጧል። እጁን በጎማው ላይ ሲያሳልፈው የት ጋ እንደሳሳ ያውቅ ነበር። ገበሬ የመስኖ ፓምፕ ጎማ ይዞለት ሲመጣ «ይሄ ሆድ አውጥቷል፣ ውሃ እንዳትለቅበት፣ ፊትህ ላይ ይፈነዳል» ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይህንን ሰው ነው እንግዲህ ጨጓራ ነው ያልነው።

እሱን አታንሣ ማለት ስላልቻልን ተሸካሚዎቹን ለመንናቸው። ለእነሱ ለመንገር ደግሞ ምክንያቱን መንገር ነበረብን። በሳምንት ውስጥ የጎማ ተራው በሙሉ አወቀ። ባሌ የጎማ ጥቅል ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ሦስት ሰው ይሮጣል።

«ጋሼ፣ ይተዉት! እኛ እያለን!»

«ምን ነክቷችኋል እናንተ? ትናንት ለአንድ ጥቅል ስትከራከሩኝ አልነበር? ዛሬ ሁላችሁ ንስሐ ገባችሁ?»

«በረከትዎን ፈልገን ነው ጋሼ።»

«በረከቴን እኔም እየፈለግኳት ነው፣ ካገኛችኋት ጥሩኝ» ይላቸውና ጥቅሉን ያነሣል። ተሸካሚዎቹ እኔን ያዩኛል። እኔ ወደ መንገዱ አያለሁ። እነሱ ሌላ በር ሥራ ላይ ሲሆኑ ስንቱን ጥቅል ብቻውን እንዳነሣ እግዜር ይቁጠረው።

በአራተኛው ወር ሐኪሞቹ መጡ። ከሆስፒታሉ ለልጄ ተደወለለት። ለባሌ «ከውጭ የመጡ የሆድ ሐኪሞች ናቸው፣ ጨጓራህን በነፃ ያዩልሃል» አለው። «በነፃ ከሆነማ ጥርሴንም ይዩልኝ» ብሎ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ሄደ።

በኮሪደሩ ላይ ሰው ግድግዳውን ይዞ ተቀምጧል። ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ሰጡን። ከጠዋት ጀምሮ ጠበቅን። ከእኛ ቀጥሎ ያሉት ባልና ሚስት ነበሩ። ሰውየው ጋቢ ለብሷል፤ ዕድሜው ከባሌ ያንሳል። ሚስቱ የራጅ ፖስታ በሁለት እጇ አቅፋለች። ከጎጃም በኩል ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዘው መምጣታቸውን ነገረችኝ። ልጄ ከኮሪደሩ ወዲያ ጫፍ ቆሞ ነበር።

ባሌ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም። «ወንድሜ፣ አንተንም ጨጓራ ነው የያዘህ?» አለው።

«ኧረ የለም ጋሼ» አለ ሰውየው። «ትልቁ የደም ሥሬ አብጧል አሉኝ። እዚህ ሆዴ ውስጥ። ሐኪሙ እጄን ይዞ አስነካኝ፤ እንደ ልብ ይመታል። ግድግዳው ሳስቷልና ይፈነዳል ነው የሚሉት።»

ባሌ ወደ ሰውየው ዞሮ ተቀመጠ። ፊቱ ላይ የማውቀው ነገር መጣ፤ የተበላሸ ጎማ ሲያመጡለት የሚያደርገው አተያይ ነው። «ሆድ ያወጣ ጎማ በለኛ!» አለ። «ገባኝ። ግፊት ሲበዛበት የሳሳው ቦታ ይወጣል። ታዲያ ምን ሊያደርጉልህ ነው?»

«ሌላ ቱቦ ከውስጥ ያስገቡልኛል አሉ።»

«ትክክል ናቸው። እኔም ቢሆን እንዲያ ነው የማደርገው። ከላይ ደህና ቦታ ይዞ፣ ከታች ደህና ቦታ ይዞ፣ መሃሉን መዝለል ነው። ጥሩ ሐኪሞች ናቸው።» ወደ እኔ ዞረና በሹክሹክታ «ሰው እንዴት ያለ በሽታ ይዞ ይኖራል! እኔ በጨጓራ ቤት አስጨንቄያለሁ» አለኝ።

ያኔ ልናገር አፌን ከፈትኩ። ምን ልበል? በዚያ ሰው ሁሉ ፊት «አንተም አለብህ» ልበል? አፌን መልሼ ዘጋሁት።

ወዲያው ነርሷ ወጣች። «ዛሬ የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው» አለች። «ሐኪሞቹ ነገ ይሄዳሉ። የቀራችሁትን ስልካችሁን እንመዘግባለን።» የእኛን ቁጥር ጠራች።

ባሌ ተነሣ። ወረቀቷንም ለነርሷ ሳይሆን ለሰውየው ሰጠው። «አንተ ግባ» አለው።

«ኧረ ጋሼ፣ ተራዎ ነው!»

«ግባ አልኩህ። የእኔ ቤት መርካቶ ነው። ለጨጓራ የአገሬ ሐኪም ይበቃኛል። ያንተ ነገር ሲፈነዳ ቀጠሮ አይሰጥም፤ እኔ ሥራዬ ነው፣ አውቀዋለሁ።»

ብድግ አልኩ። «ተራው የእኛ ነው!» አልኩ። ድምፄ ኮሪደሩን ሞላው።

ባሌ ሳቀብኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ ስለ ተራ ስትጣዪ አረጀሽ። አንድ ቀን እንኳ ለነፍስሽ ልቀቂ።» የተቀመጡት ሰዎች ሳቁ። ነርሷ «እርግጠኛ ነዎት አባባ?» አለችው፤ «እንደ ዛሬ እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም» አላት። የሰውየው ሚስት ጎንበስ ብላ የባሌን ጉልበት ልትስም ስትል ትከሻዋን ይዞ አቀናት።

ልጄን አየሁት። ከወዲያ ጫፍ ሆኖ ራሱን ይነቀንቃል፤ አትናገሪ ማለቱ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል። እኔ ደግሞ ሴትየዋን አየኋት። ልናገር ብል ያንን ወረቀት ከባሏ እጅ ነጥቄ ነው። ባሏ በሽታውን አውቆ፣ ፈርቶ፣ ሁለት ቀን ተጉዞ መጥቷል። የእኔ ባል ደግሞ የሰጠው ሳያውቅ ነው፤ ሳያውቅ የሰጠ ሰው ሰጠ ይባላል? ይህንን እያሰብኩ ሳለ በሩ ተዘጋ።

ነርሷን ተከትዬ ሄጄ በጆሮዋ ጠየቅኋት። ከመጡት ስቴንቶች የቀረችው አንዲት ነበረች። ልኩ ከሆነ ለገባው ሰው ናት አለችኝ። ሐኪሞቹ የሚመለሱት ከፋሲካ በኋላ ነው።

ሦስት ቀን አልበላሁም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ማንንም ሳላማክር ሱቁ ሄድኩ። ባሌ ጥቁር የጎማ ጥቅል በደረቱ አቅፎ ወደ መደርደሪያው ሊሰቅል ነበር።

«አውርደው» አልኩት።

«ደግሞ አንቺም ተሸካሚ ሆንሽ?»

«ያ የሰጠኸው ሰውዬ ያለበት በሽታ አንተም አለብህ። ጨጓራ አይደለም። መጀመሪያም ጨጓራ አልነበረም።»

ጥቅሉን ቀስ አድርጎ፣ እንደሚሰበር ዕቃ፣ መሬት አስቀመጠው። በርጩማው ላይ ተቀመጠ። እጁ ወደ ሆዱ ሄደ። ከእምብርቱ ከፍ ብሎ ጫን አደረገና ቆየ፤ ከዚያ በድንገት አነሣው። የሚመታውን አገኘው መሰለኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያ በሩ ከተዘጋበት ቀን።»

«ማን ማን ያውቃል?»

«ልጅህና ወንድምህ።»

«ሌላስ?»

ዋሽቼ መጨረስ አልፈለግኩም። «ተሸካሚዎቹ። ጎረቤቶቹ።»

«ሻይ የምታመጣልኝ ሴትዮስ?»

«ታውቃለች።»

ውጭ የቁፋሮው መኪና ይጮሃል። እንዲሰድበኝ፣ እንዲመታኝም ፈልጌ ነበር። እሱ ግን «ለዚያ ሰውዬ ቱቦው ገባለት?» አለኝ።

«ልጅህ ደውሎ ጠይቋል። ገብቶለታል። ድኗል።»

«እሰይ» አለ። «አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ። አውቄ ቢሆን እሰጠው ነበር ወይ? እሰጠውም ይሆናል፤ አልሰጠውም ይሆናል። ደግ ሰው ልሁን ሞኝ አላውቅም። ከእንግዲህ ማወቂያም የለኝም። ይህንን ነው የወሰዳችሁብኝ።»

በሕይወቴ ብዙ ሰው በብዙ ነገር ከስሶኛል። እንደዚህ እውነት የሆነ ክስ አልሰማሁም።

ከዚያ ወዲያ ለየት ያለ ሰው ሆነ። ፈሪ አልሆነም፤ ወንድሙ የፈራው ድንጋጤም አልመጣም። አንድም ጥቅል ግን አላነሣም። በርጩማው ላይ ተቀምጦ ተሸካሚዎቹን በጣቱ ያዝዛል፤ እነሱም አይቀልዱም። ብቻውን ወደ ሐኪሙ ሄደ። ሲመለስ ሐኪሙ የሳለለትን ወረቀት አሳየኝ። «ከላይ የሚይዝበት ደህና ቦታ አለኝ ወይ ብዬ ጠየቅኩት» አለኝ። «አለዎት፣ አጭር ናት ግን ትበቃለች አለኝ። ይህንን ጥያቄ ማን አስተማረዎት ብሎ ተገረመ። ደንበኞቼ ናቸው አልኩት።» ያን ቀን ብቻ ትንሽ ፈገግ አለ።

ልጁን አልተቆጣውም። ከዚያ የከፋ ነገር አደረገ፤ አንቱ አለው። «እርስዎ የሚሉት ካለ፣ እርስዎ ከኛ በላይ ያውቃሉና» ይለዋል፣ ለባዕድ ሰው እንደሚባለው። ልጄ በየምሽቱ እየመጣ በር ላይ ይቆማል። ይቅርታ ሊጠይቅ ይፈልጋል፤ አፉ አይፈታም። እኔ ሁለቱንም አያለሁ። ላስታርቃቸው እችል ነበር። ግን ራሴ ተከሳሽ ሆኜ በምን አፌ?

ፋሲካን አልደረሰም። በሁዳዴ ጾም አጋማሽ፣ ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ጀርባዬን አለ። «መጣ» አለኝ፣ ሌላ ምንም አላለም። ጎረቤት በታክሲው ጫነን። ዋናው መንገድ ተቆፍሮ ተዘግቷል፤ በአማኑኤል በኩል ዞርን፤ እዚያም የጭነት መኪና ዕቃ እያራገፈ መንገዱን ይዞታል። ጎረቤታችን ወርዶ ሲጮህ፣ የባሌ ራስ ጭኔ ላይ ነበር። ላቡ ቀዝቃዛ ነበር። ሆስፒታሉ ደጃፍ ስንደርስ የደረስኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ለማጽናናት የሚለውን ይላል። «ሳይጨነቅ፣ ሳይሰቃይ፣ ምንም ሳያውቅ ሄደ» አለ አንዱ ሽማግሌ። ተነሣሁ። «ያውቅ ነበር» አልኩ። «እኔ ነግሬዋለሁ።»

የባሌ እህት ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ገለጠች። «አንቺ ነሽ እንግዲያ! ዝም ብለን ይዘነው አልነበር? ነግረሽ ገደልሽው!»

«የገደለው መንገሬ አይደለም፤ መዘግየቴ ነው» አልኳት። «አራት ወር ዝም ባልል ኖሮ፣ ያን ቀን የሚሰጠውን አውቆ ይሰጥ ነበር፤ ወይ አውቆ ይከለክል ነበር።»

ሴቶቹ ተቀመጪ፣ ተቀመጪ አሉኝ። የባሌ ወንድም አንገቱን ደፍቶ ነበር። እህቱ እስከ ዛሬ አታናግረኝም። እውነቷንም ሊሆን ይችላል። ባይነገረው ያቺን ስድስት ሳምንት ከተሸካሚዎቹ ጋር እየቀለደ ይኖራት ነበር። ከነገርኩት በኋላ አልቀለደም። ይህንን አልክድም። ቢሆንም ያቺ ስድስት ሳምንት የእሱ ነበረች።

ድንኳኑ በፈረሰ ማግስት ልጄ መጥቶ እግሬ ሥር ቁጭ አለ። ራሱ ሸብቷል፤ የራሱ ልጆች አሉት። «እማዬ» አለ፣ «አባዬ ይቅር ብሎኛል ብለሽ ታስቢያለሽ?»

የሚፈልገውን መልስ አውቃለሁ። እናት ነኝ፣ ከአፌ ጫፍ ላይ ነበር። አዎ ብዬው ቢሆን እንቅልፍ ይወስደው ነበር።

«ጠይቀኸው ነበር?» አልኩት።

«አልጠየቅኩትም።»

«እንግዲያ እኔ ስለ እሱ አልመልስልህም» አልኩት። «ስለ እሱ የመለስነው ይበቃል።»

አለቀሰ። ራሱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ያዝኩት።